ፒር ከነልጣጩ

ጋሽ ስለሺ የቀጨኔን ዳገት ሲወጡ ከቤዛዊት ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠሙ። ቤዛዊት የጎረቤታቸው ልጅ ናት፤ በነርስነት ተመርቃ ጤና ጣቢያ ትሠራለች። ሽማግሌው በወረቀት የተጠቀለለ ኮሶ ጋቢያቸው ሥር ለመሸሸግ ቢሞክሩም ልጅቷ አይታለች። ሆዳቸው ከደረቀ ሰንብቷል፤ ነገ ሊጠጡት ነው።

አምና የመጋቢት መድኃኔ ዓለም ዕለት ቅዳሴው ሳያልቅ ሆዳቸውን ይዘው ወጥተዋል። ዕድሜያቸውን ሙሉ ቆመው ያስቀደሱት በዓል ነበርና ኀዘኑ እስካሁን አልለቀቃቸውም። ዘንድሮም በዓሉ እየደረሰ ነው።

«ጋሽ ስለሺ፣ ኮሶ የትል ጠላት ነው እንጂ የድርቀት መድኃኒት አይደለም» አለች ቤዛዊት። «ባለፈው ጠጥተውት ራስዎን ስተው ባለቤትዎን እትዬ አፀደን አስለቀሱ። ፒር ይብሉ አላልኩዎትም?»

«በላሁ እንጂ ልጄ። የፈረንጅ ፍሬ አፍ ያጣፍጣል እንጂ የሐበሻ ሆድ አያውቅም።»

እሷም እንዴት እንደበሉት ካላየሁ አላምንም ብላ እስከ ግቢያቸው ተከተለቻቸው። ጋሽ ስለሺ ፒሩን በቢላዋ አሳምረው ላጡ፤ ልጣጩንም ከሸጎሌ ገበያ ለፋሲካ ለገዙት በግ ወረወሩለት። ልጣጭ የከብት ነው፣ አባታቸው እንዲያ ነው ያሳደጓቸው። ቤዛዊት ግድግዳ ተደግፋ ሳቀች።

«መድኃኒቱን ለበጉ ሰጥተው በሽታውን ለራስዎ አስቀሩ! ብዙው አሰር ያለው ልጣጩ ላይ ነው። አሰሩ ውኃ ይይዝና ሆድን ያለሰልሳል፤ የፍሬው ስኳርም ውኃ ወደ አንጀት ይስባል።»

«ልጣጭ ስበላ ጎረቤት ቢያየኝስ? ቸገረው አይለኝም?»

«ጎረቤት ሆድዎን አያክምልዎትም።»

ጋሽ ስለሺ በጉን አዩት። ጠግቦ፣ በጠጡን እንደ ልቡ እየበተነ ያመሰኳል። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል የተባለው ለካ ለእሳቸው ኖሯል። አፈሩ፤ ኮሶውንም ለልጅቷ አስረከቧት።

እሷም ፒሩን አጥበው ከነልጣጩ እንዲበሉ፣ በየቀኑ ጾሙን ሲፈቱ ውኃ አብዝተው እንዲጠጡ፣ ካልተሻላቸው ወይም ደም ካዩ ግን ሳይውሉ ሳያድሩ ጤና ጣቢያ እንዲመጡ መከረቻቸው። ለልብም የሚበጅ ፍሬ መሆኑን ስትነግራቸው ጋሽ ስለሺ፣ ልቤስ ደህና ነበር፣ ያስቸገረኝ ጎረቤቱ ሆዴ ነው አሉ።

ቀስ በቀስ ሆዳቸው ተፈታ፤ ፊታቸውም ተፈታ። በበዓሉ ዕለት መቋሚያቸውን ተደግፈው ከመጀመሪያው እስከ «በሰላም ግቡ» ድረስ ቆሙ። ደስታቸው ወሰን አልነበረውም። ሲመለሱም ሆዴን ነፋኝ ያላቸውን ጎረቤታቸውን ያዕቆብን መንገድ ላይ አስቁመው ስለ አሰርና ስለ ውኃ ሲያስተምሩት፣ እትዬ አፀደ ሳቃቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ።

ቤት ደርሰው ፒር ሲያነሡ በጉ እንደ ልማዱ አንገቱን አስግጎ ጠበቀ። ጋሽ ስለሺ በሩን ወለል አድርገው ከፈቱና፣ መንደሩ ሁሉ እያያቸው ፒሩን ከነልጣጩ ገመጡት።

«አንተ ወንድሜ፣ ሣርህን ብላ» አሉት።