በሣር የተጠቀጠቀው ቃጭል

ነገሌ ቦረና ነርስ ሳለሁ፣ ካንሰር አልጋ ላይ የጣላቸው አንድ ግመል አርቢ ሽማግሌ ነበሩ። አንድ ጠዋት የማስታገሻ መርፌያቸውን ይዤ ስጠጋ እጄን ያዙኝ። «ልጄ፣ ዛሬ አብዝተሽ ውጊኝና ልረፍ» አሉኝ። «አባባ፣ ሕመሙን አስታግስልዎታለሁ እንጂ ነፍስዎን አልነካም» አልኳቸው። አልተቆጡም። «ሃ ተኡ፣ ይሁን። እንግዲያው ግመሌ መጥታ ትውሰደኛ!» ሚስታቸው ከአልጋው ሥር የእንጨት ቃጭል አውጥተው አሳዩኝ። ግመሏ በድርቁ ስትሞት፣ ዳግም እንዳይጮህ ብለው ውስጡን በሣር ጠቅጥቀውታል።

እኩለ ቀን ላይ መርፌ ስቀቅል፣ ከሽማግሌው ክፍል የግመል ቃጭል ሲንኳኳ ሰማሁ። ሮጬ ገባሁ። አርፈዋል። «ምነው እማማ፣ ሰው እየሞተ ቃጭል ይደወላል እንዴ?» ብዬ ጮኽኩባቸው። ሴትዮዋ ቃጭሉን አንስተው አሳዩኝ፤ ሣሩ እንደተጠቀጠቀ ነው። ከዚያ ዓይን ዓይኔን እያዩ፣ «አንቺም ሰማሽው?» አሉኝ።