የሩቅ መንገደኞች ስንት ናቸው?

ሰው የፈራውን ነገር ቀርቦ ከማየት ይልቅ ስም አውጥቶለት ዞር ማለት ይቀናዋል። የአንድ ሬዲዮ ጣቢያ ሠራተኞችም እንዲሁ አደረጉ። በምድር ቤት ባለው የድምፅ ቴፕ ክር መጋዘን ሣጥኖች ቦታ ቀይረው እያገኙ ሲቸገሩ «ጋኔን አለበት» አሉና ደረጃውን መውረድ ተዉ።

ጣቢያው «የሩቅ መንገደኞች» የሚባል ሳይንሳዊ ተረክ አለው። ሰዎች በአንዲት መርከብ ውስጥ ተኝተው ወደ ሌላ ፀሐይ ይሄዳሉ። መንገዱ ስለማያልቅ ታሪኩም ሳያልቅ ትውልድ አለፈ። መጀመሪያ በሬዲዮ ነበር፤ ቆይቶ በትንንሽ መጻሕፍት፣ ከዚያም በሥዕል ወጣ። አንዱ ደራሲ ሲሞት ሌላው ብዕሩን እያነሣ፣ አባት የሰማውን ልጅ እየቀጠለ እዚህ ደርሷል። ታሪኮቹ በጠቅላላው ስንት እንደሆኑ ግን የሚያውቅ አልነበረም፤ መቁጠር ነውር ነዋ! ድሮ አንዲት ጸሐፊ ቆጥራ ድምሩን በስብሰባ ላይ ብትናገር፣ በሳምንቱ የመርከቧ አዛዥ ሆኖ የሚጫወተው ተዋናይ ሞተ። ከዚያ ወዲህ «የተቆጠረ ይጎድላል» የሚለው ወግ በቤቱ ጸና፤ በሣጥኖቹ ላይ ርዕስ እንጂ ቁጥር አይጻፍም። ሟቹ ዓመት ሙሉ በሳንባ ሕመም ሲማቅቅ እንደነበረ ያነሣ ሰው የለም። ወግ ሲጸና ምክንያት አይጠየቅም።

በዚህ መሐል የድምፅ አያያዝ ትምህርት የተማረች አንዲት ወጣት በጣቢያው ተቀጠረች። መጋዘኑን እርጥበት እየበላው መሆኑን አይታ፣ ያረጀ ክር አድርቆ ወደ ኮምፒውተር የሚገለብጥ መሣሪያ በውሰት እንዲመጣ ጠየቀች። የመሣሪያው ባለቤቶች የመለሱላት አንድ ጥያቄ ነበር፤ «ታሪኮቹ ስንት ናቸው?» ካልታወቀ መሣሪያው አይመጣም፤ ካልመጣ ደግሞ፣ በጣቢያው አለቆች ውሳኔ፣ መጋዘኑ ተጠርጎ ክሩ ሁሉ ይጣላል።

ወጣቷ ጠመኔ ይዛ ወረደች። የቆጠረችውን መደርደሪያ በጠመኔ ምልክት እያደረገች አንድ ሳምንት ሠራች። ሰኞ ያገኘችው ድምር ማክሰኞ ቀነሰ፤ ረቡዕ በዛ። ትናንት የቆጠረችው ሣጥን ዛሬ ካልተቆጠሩት መሐል ተቀምጦ ይጠብቃታል። አንድ ቀን አንዱን ሣጥን ብታነሣ ሞቀባት፤ ሰው አሁን የተነሣበት ወንበር እንደሚሞቀው ያለ ሙቀት። የተማረች ብትሆንም ፀጉሯ ቆመ። ፎቅ ያሉት ባልደረቦቿ «ቆጣሪዋ መጣች» እያሉ ሲቀልዱባት አብራ ትስቃለች፤ ታች ስትወርድ ግን በሩን ክፍት አድርጋ መሥራት ጀመረች።

አንድ ቀን ሰው ሁሉ ለምሳ እንደወጣ የረሳችውን ሹራብ ልትወስድ ወረደች። ከመጨረሻው መደርደሪያ ጀርባ እግር ሲጎተት ሰማች። እንደምንም ራሷን አጠንክራ ዞር ብትል፣ አንድ ሽማግሌ ካፖርታቸው ሥር ሣጥን ሸጉጠው ቆመዋል። የአክስቷ ባል ናቸው።

እኚህ ሰው በጣቢያው ድምፅ ሠሪ ነበሩ። ቆርቆሮ እያርገበገቡ ነጎድጓድ ስለሚያሰሙ ስማቸው ጋሼ ነጎድጓዱ ሆኖ ቀረ፤ ሰውየው ግን በር ሲገፉ እንኳ በሩን ይቅርታ የሚጠይቁ ዝምተኛ ናቸው። ሚስታቸው በተረኩ ውስጥ እንደ ሰው የምትናገረው መርከብ ድምፅ ነበረች። ካረፈች አራት ዓመቷ ነው። ጡረታ ከወጡ በኋላም ዘበኛው በድሮው ትውውቅ ያስገባቸዋል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ ስለ ጋኔኑ የሚወራውን ሁሉ ሰምተው «እኔም እፈራዋለሁ» ይሉ ነበር፤ ጋኔኑ እሳቸው መሆናቸውን ግን አልጠረጠሩም።

«ጋሼ! እርስዎ ነዎት?» አለች ወጣቷ፣ ልቧ ገና ሳይመለስ።

«እኔው ነኝ ልጄ። አስደነገጥኩሽ መሰለኝ፤ ይቅር በይኝ።»

«የቆጠርኩትን እያዘዋወሩ ሲያምታቱብኝ የከረሙት እርስዎ ነዎት?»

ሽማግሌው ሣጥኑን ከካፖርታቸው አውጥተው እንደ ሕፃን ታቀፉት። «አዎ። አልዋሽሽም።»

«ምነው ጋሼ! ምን በደልኩዎት?»

«አንቺ ምን ትበድዪኛለሽ። ወጉን ታውቂያለሽ፤ የተቆጠረ ይጎድላል።»

«አክስቴ በየታሪኩ መክፈቻ የተኙትን መንገደኞች አልጋ በአልጋ እየዞረች ስትቆጥር አልነበር? ታዲያ ማን ጎደለባት?»

«እሱ ጨዋታ ነው። ደግሞስ ምኑን ትቆጥሪዋለሽ? በሬዲዮ የተሰማው በመጽሐፍ ሲወጣ አንድ ነው ሁለት? ለሦስት ሳምንት ተከፍሎ የተላለፈውስ?»

«ሰው ካፖርት ስለቀየረ ሁለት ሰው ይሆናል? መነሻውና መድረሻው አንድ ከሆነ ታሪኩም አንድ ነው። ሦስት ሌሊት አድሮ የገባ መንገደኛም ያው አንድ መንገደኛ ነው።»

«አቤት! ለሁሉም መልስ አለሽ» አሉ ጋሼ ነጎድጓዱ፣ ፈገግ ለማለት እየሞከሩ። ፈገግታው ግን አልመጣ አላቸው። መደርደሪያውን ተደግፈው ዝቅ ባለ ድምፅ እውነተኛውን ነገር ተናገሩ።

«ስሚኝ ልጄ። ቆጠራሽ በየቀኑ ሳያመላልሰኝ በፊት፣ በሳምንት አንድ ቀን መጥቼ እጄ የያዘውን አንሥቼ በዚያ አሮጌ ማጫወቻ አክስትሽን እሰማት ነበር። ስንት እንደቀሩኝ ስለማላውቅ ሁልጊዜ ሌላ ያልሰማሁት አለ። አንቺ ድምሩን ስትነግሪኝ ግን የመጨረሻው ይታወቃል። ያን ቀን ዳግመኛ ትሞትብኛለች። ካልተቆጠረ አያልቅም።»

ወጣቷ እንባዋ መጣ። እሷም አክስቷን ትወድ ነበር፤ ያሳደገቻት እሷ ናት። ሆኖም የእዝነት ዝምታ አንዳንድ ጊዜ ከጭካኔ ይከፋልና ዝም አላለችም። ዐይኗ የሽማግሌው እጅጌ ላይ አረፈ። ጠርዙ ላይ ቡናማ ዱቄት አለ።

«ያቀፉትን አብረን እንስማው?» አለቻቸው።

ጋሼ ነጎድጓዱ ደስ አላቸው። ክሩን በሠለጠነ እጅ አስገብተው ማጫወቻውን ከፈቱት። ከግድግዳው ውስጥ የመጣ የሚመስል ድምፅ በመጋዘኑ ተሰማ፤ ቀዝቃዛና ርኅሩኅ የሴት ድምፅ።

«አንደኛው ተኝቷል። ሁለተኛዋ ተኝታለች። ሦስተኛው ተኝቷል...»

ሽማግሌው ዐይናቸውን ጨፈኑ። ድምፁ እየራቀ ሄደ። ስድስተኛው ጋ ሹክሹክታ ሆነ፤ ሰባተኛዋ መተኛቷ ሳይነገር ሽው የሚል ድምፅ ብቻ ቀረ። ወጣቷ ክሩን መልሳ ከመጀመሪያው አስጀመረችው። አሁን አንደኛውም የለም። ባዶው ክር ይሽከረከራል፤ አንድ ሰው አፉን ከፍቶ ቃል እንደጠፋበት ዓይነት ትንፋሽ ብቻ ይሰማል።

«ማጫወቻው ነው። አርጅቷል» አሉ ጋሼ ነጎድጓዱ በፍጥነት።

«ጋሼ፣ እጅጌዎን ይዩት።»

«አቧራ ነው።»

«አቧራ አይደለም። የአክስቴ ድምፅ የተያዘው በዚህ ዱቄት ላይ ነው። ሙጫውን እርጥበት በልቶታል፤ ማጫወቻው በነካው ቁጥር ይረግፋል። እርስዎ የሰሙት ሁሉ ከእርስዎ በኋላ ለማንም አልቀረም። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባል የለ? እንዳታልቅ ብለው በሰሟት ቁጥር እየጨረሷት ነው።»

ሽማግሌው እጅጌያቸውን አዩት። አራት ዓመት ሙሉ ከዚህ ሲወጡ ደረጃው ላይ ቆመው፣ ሰው እንዳያይባቸው ካፖርታቸውን ያራግፉ ነበር። ንፁሕ ሰው ናቸው። አሁን እጃቸውን ለማራገፍ አንሥተው መሐል ላይ ተዉትና ባለበት አቆሙት።

«የትኞቹን ነው የሰማሁት?» አሉ በመጨረሻ።

«እኔ በምን አውቃለሁ? እርስዎስ ያውቃሉ?»

«አላውቅም። አልቆጠርኩማ!» ይህን ሲሉ ድምፃቸው የሌላ ሰው ሆነ። «ያጠፋሁትን እንኳ አላውቀውም። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?»

«የሚወድ ሰው ነዎት» አለች ወጣቷ። «ግን ፍቅር ዐይኑን ከጨፈነ በእጁ ያለውን ያረግፋል። ያልተቆጠረ ነገር አያልቅም ያሉት ልክ አይደለም ጋሼ፤ ሲያልቅ አይታይም እንጂ ያልቃል። ነገ ድምሩን ይዤ ብሄድ መሣሪያው ይመጣል። ክሩን አድርቆ፣ ቀስ ብሎ፣ አንድ ጊዜ ብቻ አጫውቶ ይገለብጠዋል። ከዚያ በኋላ ሺህ ጊዜ ቢሰሟት አትረግፍም።»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ፤ ጋሼ ነጎድጓዱ ግን ሞኝ አልነበሩም። ባዶውን ክር ወደ ሣጥኑ መልሰው ክዳኑ ላይ እጃቸውን አኖሩ። «አንድ» አሉ።

ወጣቷ ግራ ገባት። «እሱ እኮ ባዶ ነው። የሚገለበጥ ነገር የለውም፤ ከቁጥር አይገባም።»

«ይገባል! ልጅ የሞተባት እናት ስንት ወለድሽ ስትባል የሞተውን ትተዋለች? ባዶውንም ቁጠሪው፤ ባዶ መሆኑንም ጻፊ። የጠፋውን ካላወቅን ማን ይፈልግልናል?»

ይህን ያስተማራት ትምህርት ቤት አልነበረም፤ እሺ አለችና ጻፈች። ከዚያ ሁለቱም ከመደርደሪያ መደርደሪያ እየዞሩ እሳቸው ሲጠሩ እሷ ስትመዘግብ፣ መጋዘኑ ሁለተኛ አላምታታም። ፎቅ ያሉት ባልደረቦች ከታች የሰው ድምፅ ሲቆጥር ሰምተው መጀመሪያ ተያዩ፤ ኋላ አንድ ሁለቱ ወረዱና ሣጥን ማቀበል ጀመሩ። ሰባት መቶ አሥራ ሁለት ታሪክ ሆነ፤ ከዚህ ውስጥ ጥቂት የማይባለው ዱቄቱ ረግፎ ባዶ ክር ብቻ የቀረ ነበር። ድምሩ ተነገረ፤ ማንም አልሞተም።

የዚህን ሥራ ጥቅም አንባቢ ራሱ ይመዝነው። መሣሪያው መጣ፣ ከመርገፍ የተረፈው ሁሉ ተገለበጠ፣ ምድር ቤቱም ደረቀ። ከሁሉ የበለጠው ግን ባዶ የሆኑት ታሪኮች ርዕስ በሬዲዮ መነገሩ ነው። አድማጮች ድሮ በየቤታቸው ከሬዲዮ የቀዱትን ካሴት ይዘው መምጣት ጀመሩ። ስንት እንደጎደለ የማያውቅ ቤት ማንን «ያለህን አምጣ» ይላል? ቆጠራ ሞትን ይጠራል ሲባል ኖሮ፣ የጠፋውን ፈልጎ የሚጠራው እሱ ሆኖ ተገኘ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንድ የማያውቋቸው ሴት የእናታቸውን ካሴት አምጥተው ሄዱ። ጋሼ ነጎድጓዱና ወጣቷ አብረው ከፈቱት። ሬዲዮው በተቀዳበት ቤት ውስጥ የሳህን ኳኳታ አለ፤ በር ይዘጋል፤ ሰው ያስላል። በዚያ ሁሉ መሐል የመርከቧ ድምፅ በጥራት ትመጣለች። አንደኛው ተኝቷል። ሁለተኛዋ ተኝታለች። ሰባተኛዋንም አልፋ እስከ መጨረሻው አልጋ ቆጠረችና ዝም አለች።

በዝምታው ውስጥ፣ ከዚያ ካልታወቀው ቤት፣ የአንዲት ሕፃን ድምፅ «እማዬ፣ እሷስ? እሷ አትተኛም?» ሲል ተሰማ።

በካሴቱ ላይ የመለሰላት የለም። ጋሼ ነጎድጓዱ ግን ወደ ድምፅ ማጉያው ጠጋ ብለው፣ መልሱ ስንት ዘመን ሲጠበቅበት እንደነበረ ሰው፣ በለሆሳስ መለሱ።

«ተኝታለች፣ ልጄ። እሷም ተኝታለች።»

ፊታቸውን በመዳፋቸው ጠረጉና መሣሪያውን አጠፉ። «መዝግቢያት» አሏት ወጣቷን። «ቀጥሎ የትኛው ነው?»