እትዬ ዘይነባ የተበደሩት ጨው

የኮንዶሚኒየም ዋጋ ወረደ ከተባለ ጀምሮ ባለቤቴ «አሁን ካልገዛን መቼም አንገዛም» እያለ ወጥሮ ያዘኝ። እኔ ደግሞ ተክለ ሃይማኖትን ለቅቄ፣ እሱ መርካቶ ሲውል እኔ ሕፃን ልጄን ይዤ ሰው በማላውቅበት የከተማ ዳር ብቻዬን መዋሉን ፈራሁት። የማማክረው ባጣ ለአከራያችን ለእትዬ ዘይነባ ነገርኳቸው። ተከራይ ጠፍቶ ከጎናችን ያለው ክፍላቸው ባዶውን ከርሟል፤ ስለዚህ «የት ትሄጃለሽ፣ እዚሁ ሁኚ» የሚሉኝ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን «ነገ አብሬሽ ሄጄ አየዋለሁ» አሉ።

ቤቱ ስንደርስ ደላላው ሴራሚኩን ያሳያል፣ ቁም ሳጥኑን ይከፍታል። እትዬ ዘይነባ ዞር ብለውም አላዩት፤ ወጥተው የጎረቤቱን በር አንኳኩ። እኔ በሀፍረት ደረጃው ላይ ቀረሁ።

በሩን ለከፈተችው ሴት «ልጄ፣ አዲስ የገባን ጎረቤቶች ነን፤ ጨው አልቆብን ነው» አሏት።

ደላላው ሳቀ። «እትዬ፣ እኛ እኮ የመጣነው ቤት ለማየት ነው።»

«ቤቱንማ አንተ እያየህልን አይደል?»

ሴትዮዋ ጨው በላስቲክ ቋጥራ ሰጠቻቸው። ከዚያ አንገቷን አስግጋ እኔን አየችና «ልጅ አዝለሽ ደረጃ ላይ ምን ያቆምሻል? ግቢና ተቀመጪ እንጂ» አለችኝ።

በታክሲ ተመልሰን ሰፈራችን ስንወርድ ጨውን እጄ ላይ አስቀመጡልኝ።

«ግዙት» አሉኝ። «የኔን ክፍል አላህ ያውቅለታል። ይሄን ግን ስትገቢ መልሺላት፤ ውሸታም እንዳታደርጊኝ።»