በዊተም ሐራጅ ላይ የተነሣ ክርክር

ኤድመንድ ፓርጄተር ወደ ሐራጁ የሄደው ማንም ሳያየው የሚፈልገውን ዕቃ ገዝቶ ሊመለስ ነበር። ዕለቱ በኅዳር ወር የዋለ ማክሰኞ ነው፤ ከኖርዝሃምፕተን ወጣ ብላ በምትገኘው በአሽኮም መንደር ከጠዋት ጀምሮ ቀጭን ዝናብ ይወርዳል። ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ ዝቅ አድርጎ፣ የካፖርቱን ኮሌታ ወደ ላይ አቁሞ፣ ከሰዉ ኋላ ግድግዳ ተጠግቶ ቆመ።

ኤድመንድ የሰባ አንድ ዓመት ሰው ነው። በመኪና እሽቅድድም ዓለም ከሁሉ የበለጠ ሀብት ባለው በካልደር ቡድን ሠላሳ ዓመት ዋና ዲዛይነር ሆኖ ሠርቷል። ባለፈው ዓመት ጡረታ ቢወጣም ቡድኑ አማካሪ አድርጎ አስቀርቶታል፤ ቃሉም በቡድኖቹ ማኅበር ዘንድ ይሰማል። አሁን ንብረቱ በሐራጅ የሚሸጠው የዊተም ቡድን ደግሞ የኔቪል ዊተም ነበር። ኔቪልና ኤድመንድ በወጣትነታቸው አንድ የድርቆሽ ማከማቻ ተከራይተው፣ በአንድ ምድጃ እየሞቁ፣ የመጀመሪያ መኪናቸውን አብረው የሠሩ ጓደኛሞች ናቸው። በኋላ ካልደር ኤድመንድን በትልቅ ደመወዝ ወሰደው፤ ኔቪል እዚያው ቀርቶ የራሱን ቡድን አቋቋመ። በውድድር ሜዳ ተቀናቃኞች፣ ከሜዳ ውጪ ወዳጆች ሆነው አርባ ዓመት ኖሩ።

ኔቪል ባለፈው የጸደይ ወራት በልብ ሕመም ሞተ። የተቀበረው ቅዳሜ ነበር። በዚያው ቅዳሜ ካልደር ባሕር ማዶ ውድድር ነበረበትና ኤድመንድ ወደ ውድድሩ ሄደ፤ ለቀብሩ አበባ ላከ። ከዚያ ወዲህ በዚህ ነገር ሲጸጸት ከርሟል። ለሐራጁም የመጣው በወጣትነታቸው ሁለቱም ጎንበስ ብለው ይሥሉበት የነበረውን የእንጨት የንድፍ ጠረጴዛ ለመግዛት ነው።

በየዕቃው ላይ ቁጥር ተለጥፏል። የመኪና ማንሻዎች፣ የጎማ ጋሪዎች፣ የመሣሪያ ሣጥኖች፣ አፍንጫቸው የተሰበረ መኪናዎች ተደርድረዋል። ገዢዎቹ አብዛኞቹ ለግድግዳ ጌጥ የሚሆን ቁራጭ ፈላጊዎች ናቸው። አንዱ ቡድኑ የሠራውን የመጨረሻ መኪና መሪ ከገዛ በኋላ እየሣቀ አየር ላይ ሲያሽከረክረው ኤድመንድ አየና ፊቱን አዞረ። ትንሽ አየር ለማግኘት ወደ ግቢው ወጥቶ ሻይ ከሚሸጥበት መኪና ፊት ተሰለፈ።

“አጎቴ ኤድመንድ፣ ኮፍያዎን ዝቅ ቢያደርጉትም በአረማመድዎ አውቄዎታለሁ” የሚል ድምፅ ከኋላው ሰማ።

ሄስተር ነበረች። የኔቪል አንድ ልጅ፣ የኤድመንድም የክርስትና ልጅ ናት። ዕድሜዋ ሠላሳ አንድ ነው፤ ምሕንድስና ተምራ የአባቷን ቡድን የክንፍ ሥራ፣ ማለትም ነፋስ መኪናውን ወደ መሬት እንዲጫነው የሚያደርገውን ክፍል፣ በመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት የመራችው እሷ ነበረች። ኔቪል ከሞተ ወዲህ ተያይተው አያውቁም። ኤድመንድ ሻይ ልጋብዝሽ አላት። ሁለት ኩባያ ይዘው ከቆርቆሮ ጥላ ሥር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ።

“ሐሙስ ለንደን ላይ የሚናገሩት እርስዎ ነዎት የሚባለው እውነት ነው?” ስትል ጠየቀችው።

“እውነት ነው።”

“የወጪ ጣሪያውን ተቃውመው?”

“ተቃውሜ” አለ ኤድመንድ። የንግግሩ ወረቀት እዚያው በደረት ኪሱ ውስጥ ነበር።

አንባቢ ነገሩ እንዲገባው ይህን ማለት ያስፈልጋል። በዚያ ጊዜ አንድ ቡድን በዓመት ያሻውን ያህል ገንዘብ ማፍሰስ ይችል ነበር። የሀብታሞቹ ወጪ የድሆቹን ሦስትና አራት እጥፍ አልፎ ስለ ነበር፣ ማኅበሩ ለሁሉም አንድ የወጪ ልክ ያበጅ ወይስ አያብጅ በሚለው ላይ ሐሙስ ድምፅ ሊሰጥ ተዘጋጅቷል። የካልደር ባለቤት ደግሞ እንደ ኤድመንድ ያለ የተከበረ ሽማግሌ ቢቃወመው ሌሎቹም ይከተሉታል ብሎ አስቧል።

“ሄስተር ልጄ፣ ቅር እንዳይልሽ” አለ ኤድመንድ። “እሽቅድድም ማለት እኮ ያለሽን ሁሉ አውጥተሽ ማን እንደሚበልጥ ማየት ነው። የጎበዙን እግር አስረን ከሰነፉ እኩል ሩጥ ካልነው ውድድሩ ምን ቀረው?”

“እግሩማ ድሮም የታሰረ ነው” አለች ሄስተር። “የመኪናው ክብደት ከዚህ አይነስ ተብሏል። የሞተሩ መጠን ተወስኗል። የክንፉ ስፋት እንኳ በሚሊሜትር ተለክቷል። እርስዎ ዕድሜዎን ሙሉ በሚሊሜትር ታስረው ሲሠሩ አንድ ቀን ሲያማርሩ አልሰማሁም። አባቴ እንዲያውም ኤድመንድ የሚጎብዘው ጠባብ ቦታ ሲያስገቡት ነው ይል ነበር። ታዲያ ሁሉም ነገር ልክ ሲኖረው ገንዘብ ብቻ ለምን ያለ ልክ ይለቀቃል?”

ኤድመንድ ሻዩን ፉት አለ። ነገሩን እንዲህ አድርጎ ያቀረበለት ሰው አልነበረም። ሰው በአንድ ሙያ ብዙ ዘመን ሲቆይ፣ የለመደውን ሁሉ የተፈጥሮ ሕግ አድርጎ ማየት ይጀምራል፤ ትላንት ሰዎች ተስማምተው ያቆሙት መሆኑን ይረሳዋል።

“እሺ፣ ይሁን” አለ። “ሠራተኞቹስ? ካልደር ውስጥ ዘጠኝ መቶ ሰው እንጀራ ይበላል። ጣሪያው ሲመጣ ሁለት መቶው ይወጣል። የማውቃቸው ሰዎች ናቸው፤ ልጆቻቸውን አውቃለሁ። ለእነሱ ምን ትያቸዋለሽ?”

ይህ ጥያቄ ለሄስተርም የሚከብዳት ቢሆንም አልሸሸችውም። የሚጎዱ እንደሚኖሩ አምና፣ ልኩ በአንድ ጊዜ ሳይሆን በሦስት ዓመት ደረጃ በደረጃ ይውረድ፣ ከእሽቅድድሙ የሚወጡትም ባለሙያዎች ቡድኖቹ በያዟቸው ሌሎች ሥራዎች ይመደቡ የሚል ሐሳብ ማኅበሩ ባዘጋጀው የሕግ ረቂቅ ውስጥ መኖሩን ነገረችው። ከዚያ እጇን የአባቷ ፋብሪካ ወደ ነበረው አዳራሽ ዘረጋች።

“እዚህ መቶ ሰማንያ ሰው ነበረ፤ አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ተበተነ። ዴሪክን ያውቁታል፣ የማርሽ ሣጥን ሠራተኛውን። ሃያ ስድስት ዓመት ሠርቶ ዛሬ የሱፐርማርኬት ዕቃ በየቤቱ ያደርሳል። ከእኛ በፊትም ሁለት ቡድኖች እንዲሁ ተዘግተዋል። ለእነዚያ ሰዎች ለንደን ሄዶ የተናገረ ማነው?”

ኤድመንድ ወደ ሌላ ምክንያት ዞረ። ሀብታም ገንዘቡን የሚሸሽግበት ጥግ አያጣም፤ ሕጉ የሚያስረው እውነተኛውን ብቻ ነው ሲል ተከራከራት።

“ክብደት የሚሸሽጉም ነበሩ” አለች። “ሲደረስባቸው ሚዛኑን እናጥብቅ ተባለ እንጂ ሚዛኑን እንጣለው ያለ የለም።”

ከአዳራሹ ውስጥ የሐራጁ መዶሻ ድምፅ ተሰማ። አንድ ሰው የንድፉን ጠረጴዛ ተሸክሞ ወጣ፤ ለመጠጥ ቤቱ መግቢያ የምግብ ዝርዝር ማስቀመጫ እንደሚያደርገው ለጓደኛው ሲነግረው ሁለቱም ሰሙ። ኤድመንድ ብድግ ሊል ቃጣውና መልሶ ተቀመጠ።

“አንድ ነገር ልጠይቅዎት” አለች ሄስተር ድምጿን ዝቅ አድርጋ። “አሁን ምንም አይለውጥም፤ ለሙያው ስል ነው። ካቻምና በጸደይ ካልደር የፊት ክንፉ ላይ እንደ ጆሮ የቆሙ ሁለት ድርብ ጠፍጣፋዎች ያሉት ቁራጭ አውጥቶ ነበር። ያስታውሱታል?”

ኤድመንድ ያስታውሰዋል።

ሄስተር ታሪኩን በዝግታ ነገረችው። አባቷ የዚያን ክንፍ ፎቶግራፍ ሲያይ ሌሊት እንቅልፍ አጣ። ካልደር ያለ ምክንያት አይሠራውም አለ። ለሚቀጥለው ዓመት መኪና የተቀመጠውን ገንዘብ አውጥቶ፣ መኪና በነፋስ የሚፈተሽበትን ዋሻ አራት ወር ሙሉ ለዚህ ብቻ አዋለው። እነሱ የሠሩት ግን አንዲት ሽራፊ ሰከንድ እንኳ አላተረፈላቸውም። አሥራ አንድ ጊዜ ለዋውጠው ሞከሩ። የሚቀጥለው ዓመት መኪና ዘገየ፤ ሲደርስም ደካማ ሆነ፤ ስፖንሰሮቹ ሄዱ።

“አባቴ ያልገባን አንድ ነገር አለ ይል ነበር። ሆስፒታል ተኝቶ እንኳ ኤድመንድ ምን አይቶ ነው እኔ ያላየሁት ብሎ ጠይቆኛል። ምን ነበር የጎደለን?”

ኤድመንድ ኩባያውን መሬት ላይ አስቀመጠ። መዋሸት ይችል ነበር። ስለ ነፋስ አካሄድ ሁለት ሦስት ከባድ ቃላት ቢደረድር ልጅቱ አምና ትሄድ ነበር።

“ምንም አልጎደላችሁም” አላት። “ክንፉ ባዶ ነበር። እንደማይሠራ እያወቅን ነው የገጠምነው። ከእኛ ጋር ለዋንጫ የሚፎካከረው ቡድን እሱን ሲያሳድድ ጊዜው እንዲባክን አስበን ነው። ሐሳቡ የእኔ ነበር።”

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይመታል።

“ስለ እኛ አላሰባችሁም?” አለች ሄስተር።

“ትዝም አላላችሁን” አለ ኤድመንድ። “ልጄ፣ የሚያሳፍረኝ እሱ ነው። ኔቪልን ልጎዳ ፈልጌ ቢሆን ኖሮ ቢያንስ አስታውሼው ነበር ማለት ነው።”

አልጮኸችበትም። እንባዋን በእጅጌዋ ጠርጋ፣ አባቷ ጭንቅላቴ ደክሞ ነው፣ እርጅና ነው እያለ እንደ ሞተ ብቻ ነገረችው። ከዚያም ቀና ብላ አየችው።

“የወጪ ጣሪያ ቢኖር ኖሮ ያን ክንፍ ትሠሩት ነበር?”

ለዋዛ የሚወጣ አንድ ፓውንድ ከቁም ነገር ላይ የሚቀነስ ቢሆን ኖሮ በእንዲህ ያለ ጨዋታ የሚስማማ አንድም ኃላፊ በካልደር እንዳልነበረ ኤድመንድ ያውቃል። ከመጠን ያለፈ ገንዘብ የተሻለ መኪና ብቻ ሠርቶ አያቆምም፤ የሚጣል ነገር ለመሥራትም ድፍረት ይሰጣል። የሚጣለውን የሚያሳድደው ድሃ ደግሞ በዚያው ይወድቃል።

“አንሠራውም ነበር” አላት።

ትንሽ ቆይቶ የኔቪልን መቃብር እንድታሳየው ለመናት።

“ዛሬ አይሆንም” አለች ሄስተር። “ከሐሙስ በኋላ ይምጡ።”

ሐሙስ ዕለት ኤድመንድ ለንደን ላይ ቆሞ የጻፈውን ንግግር ከኪሱ አላወጣም። ስለ ክንፉ ተናገረ፤ የማን ሐሳብ እንደነበረ፣ ማንን እንዳሳሳተ፣ የማንን ቡድን እንደገደለ ሳይሸፍን ተናገረ። የካልደር ባለቤት መሐል ላይ ተነሥቶ ወጣ። ድምፅ ሲቆጠር ጣሪያው በሁለት ድምፅ ብልጫ አለፈ። ዓርብ ጠዋት የአማካሪነቱ ውል መሰረዙን የሚገልጽ ደብዳቤ ደረሰው፤ ደብዳቤውን ካነበበ በኋላ መኪናውን አስነሥቶ ወደ አሽኮም ሄደ። ሄስተር በቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ጠበቀችው። መቃብሩ ፊት ሲደርሱ እሷ ወደ ኋላ ቀርታ ብቻውን ተወችው፤ እሱም ኔቪል ይጠይቀው ለነበረው ጥያቄ መልሱን ጮክ ብሎ ተናገረ።

ሕጉ ሥራ ላይ ከዋለ በኋላ የሆነውን ሁሉም አይቶታል። ከካልደር ሰው ወጥቷል፤ አንዳንዱም ተጎድቷል፤ ይህን መደበቅ አይገባም። ነገር ግን ሌላ ቡድን አልተዘጋም። ገዢ አጥተው የነበሩ ትንንሽ ቡድኖች ዋጋ አወጡ፤ ሠራተኞቻቸው የሚቀጥለው ዓመት ምን ያመጣብናል ሳይሉ ቤት መከራየት፣ ልጅ ማስተማር ጀመሩ። ዲዛይነሮች መቶ ነገር ሠርተው ዘጠና ዘጠኙን ከመጣል ይልቅ አስቀድሞ ማሰብን ተማሩ። ተመልካቹም ማን እንደሚያሸንፍ ሳያውቅ ወደ ሜዳ መሄድ ቻለ። በልክ መኖር ለቤተሰብ እንደሚጠቅም ሁሉ፣ እርስ በርስ ለሚፎካከሩ ሰዎችም ይጠቅማል፤ ተፎካካሪ የሌለው ሀብታም ብቻውን ሮጦ ብቻውን ይቀራልና።

የዊተም ቡድን ግን አልተመለሰም። አዳራሹ የወለል ምንጣፍ መጋዘን ሆነ።

ከሦስት ዓመት በኋላ በሐምሌ ወር በተደረገው ውድድር፣ ሁልጊዜ መጨረሻ ይወጣ የነበረ አንድ ትንሽ ቡድን ሦስተኛ ወጣ። የክንፉ ሥራ ኃላፊ ሄስተር ነበረች፤ ከመካኒኮቹ መካከልም አራቱ የአባቷ ሰዎች ነበሩ፤ ዴሪክ አንዱ ነው። ተቃቅፈው ሲያለቅሱ ኤድመንድ በገዛ ገንዘቡ ትኬት ቆርጦ ከተቀመጠበት ሣር ላይ ሆኖ በሩቁ አያቸው። ሰዉ ከተበተነ በኋላ ሄስተር ፈልጋ መጣችና አጥሩን ተደግፋ ቆመች። ፊቷ ገና አልደረቀም።

“አባቴ ይህን ሳያይ” አለች።

“ለንደን ላይ ያልኩትን ሁለት ዓመት ቀደም ብዬ ተናግሬ ቢሆን ያይ ነበር” አላት ኤድመንድ።

እንዲያ አይበሉ ብትለው ደስ ባለው ነበር፤ እሷም ይህን ታውቃለች። ነገር ግን የተናገረው እውነት ነበርና ምንም ሳትል እጁን ያዘችው፤ መካኒኮቹ ዕቃቸውን ጭነው እስኪጨርሱ ድረስም አብረው ቆሙ።