የጋሼ መስታወት መስኮት

እኔና ልጄ ጋሼ መስታወትን ያገኘናቸው ቀለም መሸጫው በር ላይ ነው፤ ቀለም ማቅጠኛ ቲነር በጄሪካን ይዘው ሲወጡ። ቅጽል ስሙ የወጣላቸው የቀቡት ቁም ሳጥን ፊት ስለሚያሳይ ነው። ባሌን ሙያውን ያስተማሩት እሳቸው ናቸው።

«ባልሽስ? ሥራ በዝቶበት ነው እንዲህ የጠፋው?» አሉኝ።

ፋርማሲ የምትማረው ልጄ ቀደመችኝ። «ጋሼ፣ አባዬ ካረፈ ዓመት አለፈው። የሬሳ ሳጥኑን የቀቡት እርስዎ ነዎት።»

ጄሪካኑን አስቀምጠው ግንባራቸውን ያዙ። «ምነው አፈር በበላሁ! ይሄ ይረሳል?»

ጄሪካኑን ልጄ ተሸክማላቸው እስከ ሥራ ቤታቸው ሸኘናቸው። መስኮቱ በላስቲክ ተሸፍኗል፤ የበሩ ሥር በጨርቅ ተወትፏል። ባሌም የሚሠራው እንዲሁ ነበር፤ ባልደረቀ ቫርኒሽ ላይ አቧራ እንዳያርፍ። በመጨረሻ የገዛ ቤቱ መንገድ ይጠፋበት ጀመር።

«እዚህ ውስጥ ነው የሚተነፍሱት?» አለች ልጄ።

«ሽታው የሚያስቸግረው ጀማሪን ነው። እኔማ ሳላሸተው የዋልኩ ቀን ነው ራሴን የሚያመኝ። ደሞ ስጨርስ ወተት እጠጣለሁ።»

«ወተቱ ሆድ ይገባል፤ ቲነሩ ግን በሳንባ አድርጎ ደም ውስጥ፣ ከዚያ አንጎል ነው የሚሄደው።»

«እናንተ ተማሪዎች! አንጎል በር የለውም እንዴ?»

«አለው እንጂ፣ ጋሼ። የአንጎል ደም ሥሮች ግድግዳ ጥብቅ ነው። ስኳርና አየር ያሳልፋል፤ ብዙውን መርዝ፣ ብዙውን መድኃኒትም ሳይቀር ይመልሳል። ከባድ ኢንፌክሽን ሲያቆስለው ይላላል። ቲነር ግን መስበርም አያስፈልገው። ግድግዳው ቅባትነት አለው፤ ቲነር ከቅባት ጋር ይዋሃዳል፤ ሰተት ብሎ ይገባል።»

ጋሼ ጣቶቻቸውን አዩ፤ ይንቀጠቀጣሉ።

«አቧራ ቢያርፍበትስ? ስሜ ይጥፋ?»

«በብርጭቆ ወረቀት አሽተው ደግመው ይቀቡታል። አንጎልን በምን ያሹታል?»

ወደ መስኮቱ ሄዱ። ከዚያ ላስቲኩን በገዛ እጃቸው ገነጠሉት። ብርሃን ገባ፤ አቧራም ገባ።

መስኮት መክፈት፣ የቲነሩን ክዳን መግጠም፣ የኬሚካል ማጣሪያ ያለው ጭምብል ማድረግ፦ ነገሩ ይኸው ነው። ከአእምሮ የሄደው ሁሉ ላይመለስ ይችላል፤ የቀረው ግን ይተርፋል፤ ሰው የልጆቹን ስም እንደያዘ፣ እጁ እንደጸና ያረጃል። ባሌ ሳለ ይህን የነገረን አልነበረም። ልጄም የተማረችው እሱን ከቀበርን በኋላ ነው።

ስንወጣ ጋሼ ራሳቸውን በተከፈተው መስኮት ብቅ አደረጉ።

«ለባልሽም ንገሪው» አሉኝ፤ «እሱም ይክፈት።»

ልጄ ፊቷን አዞረች።

«እነግረዋለሁ፣ ጋሼ» አልኳቸው።