ለአውሮፕላን ቲኬት ሽማግሌ የላክን ጊዜ

በእኛ ጊዜ፣ ልጆቼ፣ አውሮፕላን ማለት እርፍ እንደያዝን ቀና ብለን የምናየው ነገር ነበር እንጅ ሰው የሚሳፈርበት አይመስለንም ነበር። ድምፁን ስንሰማ በሬዎቹን አቁመን እስኪጠፋ እናየዋለን፣ ከዚያ ወደ ሥራችን ነው። እኔ በዚህ እድሜዬ የአውሮፕላን ቲኬት እገዛለሁ ብዬ፣ ገዝቼም ደግሞ ልመልስ ብዬ ሽማግሌ እልካለሁ ብዬ መች አሰብኩ? አትሳቁ፣ ገና አልጀመርኩም። እጃችሁም አይቁም፣ እኔ ላውራ፣ እናንተ በቆሎውን ፈልፍሉ።

ይች ሰፌድ ይዛ የተቀመጠችው ሚስቴ ጥሩዬ ናት ያመጣችው ጣጣ። ልጃችን በምጥ ተይዛ ቡሬ ሐኪም ቤት ስትጨነቅ፣ ጥሩዬ ደጅ ላይ ተደፍታ «ቅዱስ ላሊበላ፣ ልጄን ከነልጇ አትርፍልኝ፣ ገናን መጥቼ ደጅህን እሳለማለሁ» ብላ ተሳለች። ልጅቱም ተረፈች፣ ሕፃኑም ተረፈ። ታዲያ ስለት ስለት ነው፣ ግን የጥሩዬ ጉልበት እንደምታዩት ነው፣ አይታጠፍም፣ በአውቶቡስ ያን ሁሉ አገር እንዴት ትቀመጣለች? እና በርበሬውን ሸጥኩ፣ ጊደሪቱን ሸጥኩ፣ ባሕር ዳር ወርጄ ለሁለታችን የአውሮፕላን ቲኬት ቆረጥኩ። አገር ሁሉ «አያ ስማቸው ሊበር ነው» አለ። እኔም ዝም አላልኩም፣ እውነቴን ነው፣ ትንሽ ተንጎራደድኩ።

ታዲያ ምን ይሆናል? በዚያው ሰሞን ቦራ፣ ያ ግንባረ ነጩ በሬዬ፣ ገደል ገባ። ስንደርስ አንገቱ ተቆልምሞ ነበር። እንደ ሰው አለቀስኩለት። እና አብሮት የሚጠመደው ዳልቻ በሬዬ ብቻውን ቀረ።

«መቀናጆስ አያ፣ አንድ በሬ ካለው ሰው ጋር ማጣመርስ?» ትሉኛላችሁ። ከማን ጋር ልቀናጅ? ያን ጊዜ የከብት በሽታ ስንቱን ግርግም ባዶ አድርጎት፣ አንድ በሬ የቀረው ሁሉ ቀድሞ ተቀናጅቷል። ጎረቤቴ መጣና «አያ፣ መሬቱን ለእኩል ይስጡኝ፣ እኔ አርሼ ምርቱን እንካፈል፣ እርስዎ ይረፉ» አለኝ። በክፋት አይደለም፣ በአዘኔታ ነው ያለኝ። ግን እናንተ፣ እኔ በቁሜ፣ ዓይኔ እያየ፣ ሰው ማሳዬን ሲያርስ አጥር ላይ ተደግፌ ልመለከት ነው? ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ለበሬ የሚሆን ገንዘብ ደግሞ አለኝ፣ ግን ሰማይ ላይ ነው ያለው፣ በቲኬቱ ውስጥ።

ጥሩዬ ናት ያለችው። «አንተ ሰውዬ» አለች፣ «በል ሂድና ቲኬቱን መልሰህ ገንዘቡን ተቀበል።»

«ስለትሽስ?»

«እሱ በሬህ መሞቱን ያውቃል። ይታገሠኛል» አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ስታለቅስ አላየሁም፣ ግን ትከሻዋን አየሁት።

ታዲያ የተሸጠ ነገር መመለስ እንዴት ነው? በእኛ ወግ የሸጥከውን በሬ ገዥው በማግስቱ «አልፈልግም» ብሎ ቢያመጣ ጠብ ነው። ሰው ያለ ሽማግሌ ይኸን አይደፍርም። እና አባን፣ የነፍስ አባቴን፣ ለመንኳቸው፣ ሌሎች ሁለት ጨዋ ሽማግሎችም ጨመርኩ፣ ጋቢያችንን አጥበን፣ ዘንጋችንን ይዘን፣ ለባሕር ዳር ቲኬት ቢሮ ሽማግሌ ሁነን ተነሳን። ቆይ፣ ቆይ፣ ሳቁን ኋላ ትስቃላችሁ!

እንግዲህ የጉዳዩ ባለቤት ከሽማግሌ ጋር አይገባም፣ ይኸ የታወቀ ነው። እኔ ከውጭ በመስታወቱ አጠገብ፣ ከተከፈተው በር ሥር ቆምኩ። እነሱ ገቡ። ውስጡ ሰው ሞልቷል፣ የገና በዓል እየቀረበ ነዋ። አባ መስቀላቸውን ይዘው ቲኬት ከምትቆርጠው ልጅ ፊት ቆሙ። ልጅቱ፣ ልጅ እግር ናት፣ አንገቷ ላይ ሻርፕ ያሰረች፣ «አባቶች፣ ይቀመጡ፣ ተራ ሲደርስ እጠራችኋለሁ» አለች።

«አንቀመጥም ልጄ» አሉ አባ።

«ኧረ ይቀመጡ፣ ወንበር አለ!»

«እሽ ካላልሽን አንቀመጥም።»

«ምኑን ነው እሽ የምለው?»

«አስቀድመሽ እሽ በይን።»

ልጅቱ ደነገጠች። ካህን ቁሞ እሷ ልትቀመጥ ነው? ብድግ አለች። እሷ ስትነሳ አጠገቧ ያለው ባልደረባዋም ተነሳ። ወረፋ የሚጠብቀው ሰው ደግሞ መስቀል ሲያይ፣ ሽማግሌ ቁሞ ሲያይ፣ አንድ በአንድ ይነሳ ጀመር። እኔ በመስታወቱ ሳይ፣ እናንተዬ፣ ያ ሁሉ ወንበር ባዶውን ቁጭ ብሎ ሰው ሁሉ ቁሟል! «ጉድ ፈላ፣ አሁን ፖሊስ ይጠራብናል» አልኩ።

አባ ጀመሩ። «ልጄ ሆይ፣ ከቡሬ ነው የመጣነው። የላከን ሰው ከናንተ ቲኬት ገዝቶ ነበር። ሃሳቡን ለውጦ አይደለም፣ ንቆም አይደለም። በሬው ሞተበት። በእግዚአብሔር ስም፣ ይቅርታ አድርጋችሁ ገንዘቡን መልሱለት ብለን እግራችሁ ላይ ልንወድቅ ነው የመጣን» አሉና ጎንበስ ሲሉ፣ ልጅቱ ከመደርደሪያዋ ኋላ ሮጣ ወጣች፣ ክንዳቸውን ያዘቻቸው።

«አባቴ፣ ኧረ በማርያም! ኧረ እንዳያደርጉት!» አለች። «በረራው አልደረሰም እኮ። ቀድማችሁ ነገራችሁን። ትንሽ ተቆርጦ ይመለስላቸዋል። ልመና አያስፈልገውም፣ ገንዘቡ የሳቸው ነው።»

አባ አልገባቸውም። «እሽ ብለሻል ማለት ነው?»

«እሽ ማለትም አያስፈልገኝም አባቴ። መብታቸው ነው።»

ልጆቼ፣ እኔ ከውጭ ሁኜ ይችን ቃል ስሰማ ምን እንደሆንኩ አላውቅም። ባርኔጣዬን አወለቅሁ። ስንት ደጅ ጠንቻለሁ በዕድሜዬ! ለመሬት ግብር፣ ለማዳበሪያ፣ ለልጅ ትምህርት፣ በየቢሮው በር ቁሜ «ነገ ና» ስባል የኖርኩ ሰው ነኝ። «ያንተ ነው» ያለኝ ማን አለ? ይች አባቷን የማላውቃት ልጅ፣ በሬዬን ያላየች፣ ሳልለምናት «የሳቸው ነው» አለች። በሰማይ ከሚበረው ይልቅ ይኸ ገረመኝ።

«ባለቤቱ የታሉ?» ስትል እኔን ጠሩኝ፣ መታወቂያዬን ይዤ ገባሁ። ስሜን ጻፈች፣ ነካካች፣ «በከፈሉበት በባንክ ደብተርዎ ይገባል» አለች። ያን ጊዜ ጥሩዬ አደራ ያለችኝ ትዝ አለኝ። አፈርኩ፣ ግን አደራ ነውና ተናገርኩ። «ልጄ፣ ሚስቴ አንድ ነገር ልካለች። ወንበሬ ባዶውን አይሂድ፣ የሚቀመጥበትን ሰው፣ ደጁን ስለኔ ይሳምልኝ በሉልኝ ብላለች።»

ያን ጊዜ ከቆመው ሰው መኻል አንዲት ጥቁር የለበሱ እናት፣ ሴት ልጃቸው ደግፋቸው፣ ወደ ፊት መጡ። «እኔ ወደ ላሊበላ ብዬ መጥቼ ሞልቷል ተብዬ ልመለስ ነበር» አሉ። «ባሌን ቀብሬ ነው የምሄደው። ወንበሩ ለእኔ ይሁን። የክርስትና ስሟን ንገሩኝ።»

«ወለተ ማርያም» አልኩ።

«ወለተ ማርያም፣ ወለተ ማርያም» እያሉ ለራሳቸው ደጋገሙት፣ እንዳይጠፋባቸው። አባ መስቀሉን አሳለሟቸው። ከዚያ ምርቃት ጀመሩ፣ ልጅቱን «ወልደሽ ሳሚ፣ እጅሽ አይንጠፍ»፣ ተሳፋሪዋን «በደህና ግቢ»፣ ቢሮው ሁሉ እንደ ቤተ ክርስቲያን «አሜን» አለ። ያችም ልጅ ዓይኗን በሻርፗ ጠረገች።

ታዲያ ቤት ስንመለስ ሰው «የታል ገንዘቡ?» አለን። በእጄ ምንም የለም። «አያን ልጅ አታለላቸው» ተባለ። ጎረቤቴ ደግሞ ለእኩሉ ነገር መጥቶ እንደገና ጠየቀኝ። እኔም ልቤ መሸሽ ጀመረ። አንድ ቀን ውድማ ላይ ሁኜ ይች ስልኬ ጢው አለች። የጎረቤቴን ልጅ «አንብቢልኝ» ብላት «አያ፣ ገንዘብ ገባ ይላል» አለች። ከጭዱ ላይ ዝርፍጥ ብዬ ተቀመጥኩ። ለገበያው ቀን ቡሬ ወረድኩ፣ ይኸን የምታውቁትን ቀይ በሬ ገዛሁ። አገር ስሙን «ቲኬት» አለው፣ እኔም ተቀበልኩ። ትልሙ ጫፍ ሲደርስ «ቲኬት፣ ተመለስ!» እለዋለሁ፣ ይመለሳል።

ገና ሊሆን ሲል አንድ ቀን አውሮፕላን በላያችን አለፈ። የትኛው እንደሆነ እኔ ምን አውቄ? ጥሩዬ ግን ከቤት ወጥታ፣ በእጇ ፀሐዩን ከልላ አየችው። «እማማን በደህና አግባቸው» አለች። ሌላ አልተናገረችም።

እና ጥምቀት ካለፈ ወዲያ የፍኖተ ሰላም አውቶቡስ ረዳት ቤታችንን እያጠያየቀ መጣ። በነጭ ጨርቅ የተቋጠረ ነገር ሰጠን። እምነት ነው፣ ከላሊበላ ደጅ የመጣ የተቀደሰ አፈር። «ጥቁር የለበሱ እናት ናቸው የላኩት፣ ለወለተ ማርያም፣ ደጁን ሦስት ጊዜ ስሜልሻለሁ በሏት ብለዋል» አለን። ጥሩዬ ተቀብላ ግንባሯ ላይ አደረገችው፣ ከዚያ ጉልበቷን ቀባችው፣ ከዚያ ትንሽ ወስዳ ጋጣ ገባችና የበሬውን ግንባር ቀባችው። በሬውና ስለቱ በአንድ ገንዘብ! ይኸን ነገር ሳስበው እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

«ታዲያ አያ፣» አለ ከፈልፋዮቹ አንዱ፣ «እትዬ ጥሩዬ ስለታቸው ደረሰ ይባላል ወይስ አልደረሰም?»

ጥሩዬ ከሰፌዷ ቀና አለች። «ስሜ ደርሷል» አለች። «እኔ ደግሞ እግሬ ሲሻለው እሄዳለሁ። እስከዚያ ለቲኬት ድርቆሽ ስጡት፣ ጠዋት ያርሳል።»