ናፍጣው፣ ውሃው እና የጋሽ ጭቃ እጆች

ዓይኔ ውስጥ የገባ የድንጋይ ብናኝ አላስቆም አላስቀምጥ ቢለኝ ወደ ቁፋሮ ሰፈራችን ክሊኒክ ጎራ አልኩ። በሩ አጠገብ ካለው አግዳሚ ላይ ጋሽ ጭቃ ከእህታቸው ልጅ ጋር ተቀምጠዋል። የነዳጅ ጉድጓድ ሲቆፈር በቧንቧው ወርዶ መሰርሰሪያውን የሚያቀዘቅዘውን፣ የተፈጨውንም ድንጋይ ይዞ የሚወጣውን ጭቃ በናፍጣ በጥብጠው የሚያዘጋጁት እሳቸው ናቸው፤ እውነተኛ ስማቸውን የሚያስታውስ ሰው የለም። እጄን ብዘረጋላቸው ክንዳቸውን ሰጡኝ። መዳፎቻቸው በፋሻ ተጠቅልለው ነበር።

"ምነው ጋሼ፣ ደግሞ ባሰብዎ?"

"ሐኪሙ ወይ ናፍጣውን ወይ ሥራውን ተው አለኝ። ሥራውን ልተው ነው እንግዲህ።" አንጀቴን በሉት።

የእህታቸው ልጅ የላቦራቶሪ ኬሚስት ናት። "አፈር ስሆን እርስዎ ይምከሯቸው" አለችኝ። "በናፍጣ ፋንታ በውሃ የሚበጠበጥ ጭቃ ሠርቻለሁ። ኃላፊው በሚቀጥለው ጉድጓድ እንዲሞከር ፈቅዷል፤ እሳቸው ናቸው እምቢ ያሉት።"

"ሸክላማ ድንጋይ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፤ ቧንቧውንም አንቆ ይይዛል። ድሮ በውሃ ስበጠብጥ ደርሶብኛል እኮ፣ ልጄ!"

ፍርሃታቸው ከንቱ አልነበረም፤ እኔም ድንጋይ አጥኚ ነኝና ይህን አውቃለሁ። አልፈርድላቸውም የምለው በጓንቱ ነገር ነው። "ጭቃ በጓንት አይታወቅም" እያሉ ስንት ዓመት ሙሉ ናፍጣ በባዶ እጃቸው ሲያሹ ኖረዋል።

"ውሃው ድንጋዩ ውስጥ ባይገባስ፣ ጋሼ?" አለች ልጅቱ።

"ማን ይከለክለዋል? ዘበኛ ልትቀጥሪለት ነው?"

"ጭቃዬ ውስጥ የጨመርኩት ካርቦን ይከለክለዋል። የጭቃዎ ቅንጣት ከድንጋዩ ቀዳዳ ስለሚበልጥ ደጁ ላይ ይከመራል፤ ውሃው ግን በመሀል ሾልኮ ይገባል። ናኖ የምንለው ይህ ካርቦን በጣም የደቀቀ ነው፤ ቀዳዳው ውስጥ ገብቶ ይወትፈዋል።"

"እንዲያ ከሆነ ከኩሽና ከሰል ወቅጬ ላምጣልሽ!"

"የቱንም ያህል ቢወቅጡት ለዚያ ቀዳዳ ቋጥኝ ነው" ብላ ሳቀች።

"በይ እሺ፣ የራስሽን አብዝተሽ ጨምሪበታ።"

"ሲበዛማ ይጓጉላል። ጥቂት ነው የሚበቃው፤ ያውም በደንብ ከተበተነ።"

ጋሽ ጭቃ ግን ግግም አሉ። "ወፍራም ካልሆነ አላምነውም። ጣቴ ይነግረኛል።"

"ጣትዎ ውፍረቱን ይነግርዎታል። ስንት ውሃ እንደሚያፈስስ ግን አይነግርዎትም።"

በነገር ሲጠዛጠዙ ሊውሉ ነው ብዬ ሁለቱንም እየነዳሁ ላቦራቶሪ ወሰድኳቸው። ልጅቱ እሳቸው ድሮ በውሃ ይበጠብጡት እንደነበረው ያለ ጭቃና የራሷን በየተራ ማጣሪያ ወረቀት ላይ አድርጋ በግፊት ጨመቀቻቸው። ከሳቸው ውሃው ወረደ፤ ወረቀቱ ላይ ወፍራም ሊጥ ቀረ። ከሷ ጥቂት ጠብ ጠብ ብሎ ቆመ፤ የቀረውም እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ጥቁር ልባስ ነበር።

"ይህቺ ናት ውሃ የምትከለክለው?"

"ይህችው ናት። የጉድጓዱ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ቧንቧ የሚይዘው ወፍራሙ ነው።"

ቀጥላ በሁለት ብርጭቆ የዘፈዘፈችውን ሸክላማ ድንጋይ አወጣች። ተራ ውሃ ውስጥ ያደረው ፈራርሷል። ካርቦን ባለበት ያደረውን ጋሽ ጭቃ ጠረጴዛው ላይ ቢያንኳኩት ጠንካራ ነው። 

"ያኔ ቧንቧው ሲያዝ፣ ሸክላ ጨምሩ፣ አወፍሩት እያልኩ ስጮህ ነበር" አሉ ቀስ ብለው። "ለካ ያነቅኩት እኔው ነኝ።"

"ያኔ ይህ አልነበረም፣ ጋሼ" አለቻቸው ትከሻቸውን ይዛ።

"ሞክሪው በቃ።"

"ጓንት ካደረጉ ነው።"

"ኧረ ይቺ ልጅ!" አሉ፤ ግን አደረጉ።

በአዲሱ ጉድጓድ ሸክላማውን ድንጋይ አልፈን ቧንቧው ወደ ላይ በሚሳብበት ቀን ሁላችንም ትንፋሻችንን ውጠን ቆምን። ጋሽ ጭቃ ማየት ፈርተው ፊታቸውን አዙረዋል። የቁፋሮ ማማው ሠራተኛ "ያለምንም ችግር እየወጣ ነው!" ብሎ ሲጮህ እፎይ አልን።

ልጅቱ ግን አትኩራራም። ወደ ሌላ ድንጋይና ወደ ባሰ ሙቀት ስንወርድ እንደገና መሞከር አለበት ትላለች። ጋሽ ጭቃ በበኩላቸው አዲስ መጪ ባገኙ ቁጥር ይሰብካሉ፤ ናፍጣ የጠጣ ፍርስራሽ የምንቀብርበት መሬት አያስፈልገንም፣ የምንተነፍሰው አየርም አይሸትም፣ ጣትም ቢሆን ከማጣሪያ ወረቀቱ ቀጥሎ ነው የሚጠየቀው ይላሉ።

ያ ቧንቧ በሰላም በወጣ ቀን ወደ እኔ መጡና ጓንታቸውን አወለቁ። እንደ ልማዴ ክንዳቸውን ልይዝ ስል፣ የዳነ እጃቸውን ዘርግተው ጨበጡኝ።